«የሚሠራን ነገር አትንኩ» ስለተባለው

ክርክሩን የከፈተው ፕሮግራመር፣ አዳማ፦
በቅዳሜው ስብሰባ «የሚሠራን ነገር አትንኩ» ተብሎ በኮዳችን ውስጥ ያለ አንድ አሳሳች ስም ይቀየር የሚለው ሐሳብ ሳይመረመር መታለፉ እስካሁን ያንገበግበኛል። በቁጠባና ብድር ሲስተማችን ውስጥ «ኢየር_ስታርት» (የዓመት መጀመሪያ) የተባለው ፋንክሽን፣ ማለትም በስሙ ሲጠራ ሥራውን ሠርቶ ውጤት የሚመልስ የኮድ ክፍል፣ የሚመልሰው መስከረም 1ን ሳይሆን የበጀት ዓመቱን መጀመሪያ፣ ሐምሌ 1ን መሆኑን ነባሮቹ በቃላቸው ያውቁታል። አዲስ የመጣ ሰው ግን ከየት ይወቀው? በቅርቡ የተቀጠረ ባልደረባችን የቅጣት ስሌቱን ሲጽፍ፣ ዓመት ከመስከረም ይጀምራል ብሎ ይህንኑ ፋንክሽን ጠራ። ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜ፣ በድምሩ 65 ቀን፣ ውዝፍ ባለባቸው አባላት ላይ ተቆለለ። ስህተቱን ያገኘነው እኛ አይደለንም። ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት አባል ደብተሯን ይዛ መጥታ፣ በእስክሪብቶ ያሰመረችበትን ቁጥር አሳየችን። የሚሠራ የተባለው ይህ ነው?

ሲስተሙን ከመጀመሪያው የጻፉት ነባር ባለሙያ፦
ያንን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም አላጥፈውም። ፋንክሽኑ አንድም ቀን አልተሳሳተም። ሐምሌ 1ን እንዲመልስ ተጻፈ፣ ሐምሌ 1ን መለሰ። የተሳሳተው ውስጡን ሳይከፍት በስሙ ብቻ ተማምኖ የጠራው ሰው ነው። ስሙ በኮዱ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልከራከርም ነበር፤ ነገር ግን የወንጂና የሞጆ ቅርንጫፎች ሪፖርቶች የፋንክሽኑን ስም በዳታቤዝ ሠንጠረዥ ውስጥ እንደ ተራ ጽሑፍ አስቀምጠው ነው የሚጠሩት። ስሙ ሲቀየር ኮዱን ተርጉሞ ስህተት የሚጠቁመው ኮምፓይለር ትንፍሽ አይልም። ሪፖርቱ የሚወድቀው ሰኔ 30 ማታ፣ ሂሳብ በሚዘጋበት ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የኤችቲቲፒ (ድረ ገጾች የሚተላለፉበት ደንብ) ሰነድ ውስጥ፣ ጎብኚው ከየትኛው ገጽ እንደመጣ የሚናገረው «ሪፈረር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንድ «አር» ጎድሎት ተጻፈ፤ እስከ ዛሬም ዓለም በዚያው ይሠራል። ያልታረመው አዋቂ ጠፍቶ አይደለም፤ በየአገሩ ያለው ሰርቨርና ብራውዘር ስለለመደው ነው።

ክርክሩን የከፈተው፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ፊደል የጎደለው ስምና የሚዋሽ ስም አንድ አይደሉም። «ሪፈረር» ፊደል ይጉደለው እንጂ ማንንም ወደ ሌላ ትርጉም አይመራም። ለእኛ የሚቀርበው ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ታሪክ ነው። «ፒጂ_ኤክስሎግ» የሚባል ማውጫ (ፎልደር) ነበረው። ዲስክ የሞላባቸው ሰዎች «ሎግ» የሚለውን አይተው፣ ተራ የክንውን መዝገብ መስሏቸው ይሰርዙት ነበር፤ በውስጡ ያለው ግን ዳታቤዙ ከብልሽት በኋላ የሚነሣበት የለውጥ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 10ኛው እትም «ፒጂ_ዋል» ተባለ፤ «ኤክስሎግ» የሚል ስም የነበራቸው ፋንክሽኖችም አብረው ተቀየሩ። የፖስትግሬስ ሰዎችም «ውስጡን ሳያነብ የሰረዘ ራሱ ተጠያቂ ነው» ማለት ይችሉ ነበር።

ነባሩ ባለሙያ፦
ታሪኩን እኩሌታውን ተናገርክ። በዚያው ዓመት የአሮጌዎቹን ፋንክሽኖች ስም ይጠሩ የነበሩ የመጠባበቂያና የክትትል ስክሪፕቶች እንደሚሰበሩ በእትሙ ማስታወሻ ላይ አስቀድሞ ተነግሯል፤ ሰዎችም ተዘጋጅተዋል። እኛ ለሞጆ ማን ይንገርልን? ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው እንኳ የለንም።

የቅርንጫፍ ድጋፍ ሠራተኛ፦
እኔ ኮድ አልጽፍም፤ ስልኩን የማነሣው ግን እኔ ነኝ። «የሚሠራ» የምትሉት ለማን እንደሚሠራ ሳትነጋገሩ እዚህ ደርሳችኋል። ያቺን አባል ፊት ለፊት ይቅርታ የጠየቅኋት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ «ፋንክሽኑ አልተሳሳተም» የሚለውን ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ። ይሁንና ሰኔ ላይ ሪፖርት ሲቆም የሂሳብ ሠራተኞቹ ሌሊቱን በካልኩሌተር ሲደምሩ ያደሩበትን ዓመትም አልረሳሁም።

ሌላ ፕሮግራመር፣ ሐዋሳ፦
ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ መንገድ አለ። አዲሱን ስም አውጡለት፤ አሮጌውም ወደ አዲሱ የሚመራ ተለዋጭ ስም ሆኖ ይቆይ። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሙከራ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «አሰርት_ኢኩዋልስ» የተባለው ስም አትጠቀሙበት ከተባለ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ በተለዋጭነት ኖሮ፣ የተወገደው እ.ኤ.አ. በ2023 በ3.12 እትም ነው። ማንም በአንድ ሌሊት አልተሰበረበትም።

ነባሩ ባለሙያ፦
አሥር ዓመት ሁለት ስም ማለት ለአዲሱ ሰው አንድ ሳይሆን ሁለት ግራ መጋቢያ ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። ለውጡ በመላው ኮድ ሲካሄድ በየመስመሩ ላይ የሚታየው የለዋጩ ስም ነው። መስመሩን ማን፣ በየትኛው የብድር መመሪያ ምክንያት እንደጻፈው የኮድ ለውጦችን ታሪክ በሚመዘግበው በጊት ስፈልግ የማገኘው «ስም ተቀየረ» የሚል ብቻ ይሆናል።

ክርክሩን የከፈተው፦
ይህ ሰበብ ነው። ጊት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ ከ2.23 እትም ወዲህ፣ እንዲህ ያለውን ለውጥ ዘልሎ የመስመሩን ነባር ታሪክ ያሳያል።

ነባሩ ባለሙያ፦
ሰበብ? የብድር መመሪያው በተለወጠ ቁጥር በእነዚያ መስመሮች ላይ ሌሊት ያደርኩት እኔ ነኝ። የመስመሮቹን ታሪክ የምጠብቀው ስሜ እንዲነሣ አይደለም፤ አንዱ መመሪያ ሲሻር የትኛው መስመር አብሮ እንደሚሻር የሚነግረኝ ሌላ ሰነድ ስለሌለ ነው። ሰበብ ያልከኝ ይህንን ሳትጠይቅ ነው።

ሐዋሳ ያለው፦
ወንድሜ፣ ቃሉ ከብዷል።

ክርክሩን የከፈተው፦
ቃሉን አነሣለሁ፤ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሐሳቤን ግን አላነሣም። «ኢየር_ስታርት» በግልጽ «የበጀት_ዓመት_መጀመሪያ» ይባል፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ያሉትን ሪፖርቶች አንድ በአንድ ከፍቼ የማስተካክለው እኔ ራሴ ነኝ።

ነባሩ ባለሙያ፦
የሞጆውን ሠንጠረዥ ከዚህ ሆነህ አትከፍተውም። እዚያው ሄደህ አይተኸው ስትመጣ እንነጋገራለን።

የቅርንጫፍ ድጋፍ ሠራተኛ፦
ያቺ አባል ሰኞ ትመለሳለች፤ የእህቷም ሂሳብ እንዲታይላት ጠይቃለች። የእህቷ ደብተር ያለው ሞጆ ነው። ምን ልበላት?