36ቱ ቁጥር እናቴን አሸነፋት

የተመሰጠረ ኢሜይልን ለማንም ሰው የሚያቀል ክፍት ምንጭ መሣሪያ እየሠራሁ ነው። መላክና መቀበሉ አልከበደኝም። የተቸገርኩት ኮምፒውተር ሲቀየር ነው። መልእክቶቹን የሚከፍተውን የምስጢር ቁልፍ ለማዛወር የኦቶክሪፕትን (የኢሜይል ምስጠራን የሚያቀል ክፍት መስፈርት ነው) መንገድ ተከተልኩ፦ ቁልፉ ያለበት ፋይል በኮድ ተቆልፎ ወደ ራስ ኢሜይል ይላካል፤ ኮዱ 36 አሃዝ፣ አራት አራት እየሆነ በ9 ቦታ የተከፈለ ነው። የመጀመሪያዋ ሞካሪ እናቴ ናት። ደብተሯ ላይ ስትገለብጥ አንድ ቁጥር ዘለለች። አሮጌው ኮምፒውተር ተሸጧል፤ የድሮ መልእክቶቿ እንደተቆለፉ ቀሩ። ወደ 8 አሃዝ ባሳጥረው ፋይሉ እጁ የገባ ሰው በኮምፒውተር እየሞከረ ይደርስበታል። ኪውአር ኮድ አደረግኩት፤ ፎቶ አንስታ ለራሷ በኢሜይል ላከችው! ኮዱን እኔ ላስቀምጥላት ብልማ ምስጠራው ምኑ ላይ ነው? ቁልፉን ሳላዳክም፣ እንደ እናቴ ያለ ሰው ሳይሳሳት የሚያስቀምጠው ምን ዓይነት የመመለሻ ኮድ ሞክራችሁ ሠራላችሁ?