ሁለት ቻርጀሮችን ከአንድ ፓወር ሰፕላይ ስለማሠራት

ጥያቄ፦ ለድሮን ባትሪዎች የምጠቀምባቸው፣ እያንዳንዳቸው እስከ 200 ዋት የሚያወጡ ሁለት ቻርጀሮች አሉኝ። ሁለቱንም 12 ቮልትና 30 አምፔር ከሚሰጥ አንድ ፓወር ሰፕላይ ጋር ባገናኛቸው ይበቃቸው ይሆን?

መልስ 1፦ ሁለቱም በሙሉ ኃይላቸው ከሠሩ አይበቃም። የቻርጀሩ ብቃት 85 በመቶ ነው ብንል፣ 200 ዋት ለማውጣት ወደ 235 ዋት ስለሚስብ፣ በ12 ቮልት 20 አምፔር ገደማ፣ ለሁለቱ ደግሞ 40 አምፔር ያህል ይጠይቃል። ቻርጀሮችዎ 24 ቮልት የሚቀበሉ ከሆነ የአምፔሩ መጠን በግማሽ ይቀንሳል፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

መልስ 2፦ በስሌቱ እስማማለሁ። ሆኖም ከኃይሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፦ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ቻርጀሮች ግቤታቸውና ውጤታቸው በኤሌክትሪክ ያልተነጣጠለ (አሉታዊው ሽቦ የጋራ የሆነ) በመሆኑ፣ በአንድ ፓወር ሰፕላይ ላይ ሳሉ በተከታታይ (የአንዱ አዎንታዊ ከሌላው አሉታዊ ጋር) የተያያዙ ሁለት ባትሪዎችን ለየብቻ ልሙላ ቢሉ፣ በአሉታዊው ሽቦ በኩል ሾርት ሊፈጠር ይችላል። ባትሪዎቹን አስቀድመው ያለያዩ። ለእያንዳንዱ ቻርጀርም ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ ሽቦና ፊውዝ ይኑረው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ባትሪዎቼን በተከታታይ እንዳሉ ልሞላቸው ነበር፤ እንግዲያው እለያያቸዋለሁ።