ሀዋሳ ላይ ባዶ ቤት የሚቆጥር አካል አለ እንዴ?

ተከራዩ
ሰላም የሀዋሳ ሰዎች፣ ጥያቄዬ ትንሽ ወጣ ያለ ነው። ቤት ፍለጋ ላይ ነኝ፣ ሁለት ክፍል ነገር፣ ደላሎች የሚጠሩልኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም ትስቁብኛላችሁ። የሚገርመኝ ግን ማታ በዳቶ በኩል ሳልፍ ጂ ፕላስ አንድ ጂ ፕላስ ሁለት የሆኑ ቤቶች ድርግም ብለው ነው የማያቸው፣ በራቸው ላይ ሰንሰለት፣ ግቢው ሳር በቅሎበት። አንዱ ቤት የለም ይላል ሌላው ቤት ሞልቷል ሰው የለውም ይላል፣ ማንን ልመን? እና የምር ጥያቄዬ፣ መንግስት ባዶ ቤት ቆጥሮ ያውቃል ወይ? ቁጥሩስ ማን ጋ ነው ያለው፣ ቀበሌ ነው ማዘጋጃ ቤት ነው ወይስ ስታቲስቲክስ? የቤት እጥረት ይህን ያህል ነው ሲባል ባዶዎቹ ተቀንሰው ነው ሳይቀነሱ?

ጠመኔ
ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ በ1999ኙ ቆጠራ ላይ ቤት ለቤት ከዞሩት አንዱ ነበርኩ። ያኔ ሰውም ቤትም አብሮ ነው የተቆጠረው፣ ስሙም የህዝብና ቤት ቆጠራ ነው። ሰው ያለበት ቤት ቀላል ነው፣ ትጠይቃለህ ይመልሱልሃል። መከራው ተንኳኩቶ የማይከፈተው በር ነው። ትመለሳለህ፣ አሁንም ዝግ፣ ጎረቤት ስትጠይቅ "ሰውየው አዲስ አበባ ነው ለጥምቀት ብቅ ይላል" ይሉሃል፣ እሺ ይሄ ባዶ ነው ወይስ ባለቤት ያለው?

የታተመውን ውጤት ካየህ የሀዋሳ ከተማ አስተዳደር፣ ዙሪያው ያሉት የገጠር ቀበሌዎች ተጨምረው፣ 258,808 ሰው ነበር፣ 61,279 ቤተሰብ፣ 57,469 መኖሪያ ቤት። ማለት ቤተሰቡ ከቤቱ በ3,810 ይበልጣል። ስለዚህ ተዳብሎ የሚኖር እንዳለ ይነግርሃል፣ የተቆለፈ ቤት ስለመኖሩ ግን ምንም አይነግርህም፣ ሁለቱ ባንድ ከተማ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ከዚያ ወዲህ ቆጠራ የለም። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 103 ላይ በየ10 ዓመቱ ይላል፣ አራተኛው 2010 ላይ ሊደረግ ነበር፣ ታብሌቱም ተገዝቶ ሁሉ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ፣ ቀረ። 1999 ላይ እኮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የለም፣ ሲዳማም ክልል አልሆነም። አሁን የምትሰማው የህዝብ ቁጥር በዚያ ላይ ተመስርቶ የተሰላ ትንበያ ነው።

የመነኸሪያው
እኔ ደላላ ነኝ ቀድማችሁ እንዳትሰድቡኝ። ባዶ ባዶ ትላላችሁ ግን ባዶ ቤት አንድ አይነት አይደለም፣ አለ ዳያስፖራ ሰርቶት ቁልፉን ለወንድሙ የሰጠው፣ አለ ወራሾች ፍርድ ቤት የተካሰሱበት እሱ እስኪያልቅ ማንም የማይነካው፣ አለ ከውጭ ያለቀ የሚመስል ውስጡ ግን ሴራሚክ ያልነጠፈ ውሃ ያልገባለት፣ አለ ደግሞ ልሸጠው ነው ተከራይ ካስገባሁ ገዢ ዋጋ ይሰብርብኛል የሚል፣ እና ተከራይ ትናንት ለቆ ነገ ሌላ የሚገባበት አለ እሱማ ባዶ አይባልም እንደ ሱቅ ዕቃ ነው። አንተ በማታ ያየኸው ሁሉንም ቀላቅለህ ነው።

አዲሱ የኪራይ አዋጅ፣ 1320/2016 ያሉት፣ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት ይላል፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ይሄን ሲሰሙ ተቆልፎ ይቀመጥ ያሉኝ አከራዮች አሉ፣ ልክ ናቸው አላልኩም የሰማሁትን ነው። ደግሞ ፓርኩ ዙሪያ ያሉትን ሰርቪሶች እዩ፣ የፋብሪካው ሰራተኛ ልጆች ሲመጡ አንድ ክፍል ውስጥ አራትም አምስትም ሆነው ይኖሩ ነበር፣ 2014 ላይ ከአጎዋ፣ ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያው ማለቴ ነው፣ ስንወጣ ግን እኔ የማውቃቸው ግቢዎች ግማሽ በግማሽ ባዶ ቀሩ። ያን ጊዜ ብትቆጥር ሌላ ቁጥር ዓመት ቆይተህ ብትቆጥር ሌላ ቁጥር። የትኛው ቤት ዛሬ ክፍት እንደሆነ የምናውቀው እኛ ነን፣ ከመንግስት መጥቶ የጠየቀን ሰው ግን እስከዛሬ አላየሁም።

ሰንጠረዥ
ደላላው ጥሩ ነገር ተናገረ፣ ሌላ ሀገርም የሚከፋፍሉት እንደዚሁ ነው። አሜሪካ ከፈረንጆቹ 1956 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ የባዶ ቤት ዳሰሳ አላቸው፣ ለኪራይ የተዘጋጀ፣ ለሽያጭ የቀረበ፣ ለእረፍት ብቻ የሚመጡበት እያሉ ይለያሉ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ከሌለ ጎረቤትን ወይ አከራዩን ይጠይቃሉ። ጃፓን በየ5 ዓመቱ የቤትና መሬት ጥናት ታደርጋለች፣ በፈረንጆቹ 2023 ላይ 9 ሚሊዮን ባዶ ቤት ወጣ፣ ከመቶ 13.8 ማለት ነው። አንዱ ምክንያት ግብሩ ራሱ ነው፣ መሬቱ ላይ መኖሪያ ቤት ካለ ግብሩ እስከ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል፣ ስለዚህ አሮጌውን ቤት ማፍረስ ያከስራል፣ ዝም ብሎ ይቆማል።

እኛ ጋ ችግሩ ከቆጠራው መቅረት ይሰፋል። በመሃል የሚደረጉት ዳሰሳዎች፣ የፍጆታ በሉት የስራ ስምሪት፣ በተመረጠው ቦታ መጀመሪያ ቤተሰቦች ይመዘገባሉ ከዚያ ከነሱ ናሙና ይወጣል። ቤተሰብ የሌለበት ቤት ገና በር ላይ ወደቀ፣ መጠይቁ አይደርሰውም። ስለዚህ ተከራዩ ለጠየቅከው፣ እጥረቱ ብዙ ጊዜ የሚሰላው ከቤተሰብ ቁጥርና ከቤት ቁጥር ነው፣ ሰው ይኑርበት አይኑርበት የሚል አምድ ከሌለ የሚቀነስ ነገር የለም።

አየርላንዶች ሌላ መንገድ ሞክረዋል፣ የመብራት ፍጆታ። በፈረንጆቹ 2022 ቆጠራቸው ከ160 ሺህ በላይ ባዶ ቤት አገኙ፣ የስታቲስቲክስ ቢሯቸው ግን ዓመት ሙሉ መብራት እምብዛም ያልበላውን ሲያይ በጣም ያነሰ ቁጥር ነው የወጣለት፣ ምክንያቱም ቆጠራ የአንድ ሌሊት ፎቶ ነው። ሀዋሳ ላይ ይሰራል ወይ? ይከብዳል፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ ለስድስት ተከራይ በሆነበት ግቢ አምስቱ ክፍል ባዶ ቢሆን እንኳን ቆጣሪው ይዞራል። ለቪላና ለኮንዶሚኒየም ግን የሚሞከር ነው።

የሀይቅ ዳሯ
ይቅርታ አድርጉልኝና እናንተ ስለ ቁጥር ታወራላችሁ ሰው የሚሰማው ግብር ነው። የንብረት ታክስ አዋጅ ባለፈው 2017 ጸደቀ፣ በዚህ መሃል ባጅ ያንጠለጠለ ልጅ መጥቶ ይሄ ቤት ባዶ ነው ወይ ቢል ማነው አዎ የሚለው? የአክስቴን ቤት ቁልፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ያለችው ውጭ ነው፣ መጥተው ቢጠይቁኝ ሰው አለበት ነው የምለው፣ ፊት ለፊት ነው የምናገረው።

ሰንጠረዥ
እህቴ ስጋትሽ ይገባኛል። የካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ በባዶ ቤት ላይ ግብር ጥላለች፣ እያንዳንዱ ባለቤት በየዓመቱ ቤቴ ሰው አለበት የለበትም ብሎ ያሳውቃል፣ ካላሳወቀ እንደ ባዶ ይቆጠርበታል። እዚያ ቆጠራውና ግብሩ አንድ ነው፣ አልደበቁትም። ስታቲስቲክስ ግን ሌላ መስሪያ ቤት ነው፣ የአንድ ሰውን መረጃ ለገቢዎች አሳልፎ መስጠት የለበትም። ይሄን ህዝቡ ካላመነ የሚሰበሰበው ሁሉ እንዳንቺ መልስ ነው የሚሆነው።

ጠመኔ
የሀይቅ ዳሯ፣ ሰው አለበት ብትይ እኮ አያበቃም፣ ስንት ሰው፣ ስም፣ ፆታ፣ እድሜ፣ ትምህርት እያለ ቆጣሪው ይቀጥላል። ማንን ልታስመዘግቢ ነው?

የሀይቅ ዳሯ
ዘበኛውን ነዋ ጋሼ፣ ከነሚስቱ።