የአዮን ኃይል መለኪያዬ ከዜሮ በታች ያነብባል፤ የት ላይ ተሳሳትሁ?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦ ለመመረቂያ ጥናቴ በአርገን ፕላዝማ (አተሞቹ ወደ አዮንና ኤሌክትሮን በተለያዩበት የአርገን ጋዝ) ውስጥ የአዮኖችን፣ ማለትም ኤሌክትሮን ያጡ አተሞችን፣ ኃይል የሚለካ መሣሪያ በእጄ ሠርቻለሁ። ፊት ለፊት ከመሬት ጋር የተገናኘ የሻይ ማጥለያ ሽቦ፣ ከኋላው የናስ ሳህን ነው። የሳህኑን ቮልቴጅ ከ0 ወደ 80 ሳሳድግ ሳህኑ የሚቀበለው የኤሌክትሪክ ፍሰት እየቀነሰ ይሄዳል። ከ30 ቮልት በኋላ ግን ዜሮ ላይ መቆም ሲገባው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሽቦ ስፈታና ሳስር ከረምሁ። እባካችሁ!

መምህር (ደብረ ማርቆስ)፦ ሽቦህ ጤነኛ ነው፤ አትፍታው። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ አቅም ያነሰው ከመንገድ እንደሚመለስ፣ ኃይሉ ያነሰ አዮንም ከቮልቴጁ ዳገት ይመለሳል። ይኸው ዳገት ግን ለኤሌክትሮን ቁልቁለት ነው። ሳህንህ ኤሌክትሮኖችን እየጠራ ነው። ከማጥለያው ኋላ ሌላ ወንፊት አስገብተህ 60 ቮልት ኔጌቲቭ ስጠው።

ከዳንግላ፦ መምህር ያሉት ልክ ነው፤ እኔ ግን ሳህኑን ራሱን ዳገት ማድረግን አልወድም። አዮን ብረት ሲመታ ኤሌክትሮን ያስፈነጥራል፤ ያም ንባቡን ያበላሻል። ዳገቱ ሦስተኛ ወንፊት ላይ ይሁን፤ ሳህኑ ዜሮ ላይ ይቀመጥ፤ ከሳህኑ ፊት አራተኛ ወንፊት 30 ቮልት ኔጌቲቭ ሆኖ የፈነጠሩትን ይመልስ።

ከቡሬ፦ ስለ ሻይ ማጥለያው ማንም አልተናገረም! ቀዳዳው 1 ሚሊሜትር ያህል ከሆነ ፕላዝማው ራሱ ሾልኮ ይገባል። የኤሌክትሮኖቹ ሙቀት 3 ኤሌክትሮንቮልት (የጥቃቅን ቅንጣቶች ኃይል መለኪያ)፣ ብዛታቸው በሜትር ኩብ 10 ኃይል 15 ቢሆን ቀዳዳው ከ0.4 ሚሊሜትር ማነስ አለበት። ግፊቱስ ስንት ነው? በ1 ፓስካል አንድ አዮን ጥቂት ሚሊሜትር ሳይሄድ ከጋዝ ጋር ይጋጫል፤ ወንፊቶቹን አቀራርባቸው።

ጠያቂ፦ ግፊቱ 2 ፓስካል ነበር፤ ወደ 0.3 አወረድሁት። ከአንድ ጋራዥ ደቃቅ የነዳጅ ማጣሪያ ወንፊት አግኝቼ አራቱን በቴፍሎን ቀለበት ለያየኋቸው። ፍሰቱ አሁን ዜሮ ላይ ይቆማል። በየ1 ቮልቱ የቀነሰውን ስሥል ጉብታው፣ ማለትም ብዙዎቹ አዮኖች የሚመለሱበት፣ 22 ቮልት ላይ ወጣ። መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣውን አርገን በዚህ መለየት እችላለሁ?

መምህር፦ አትችልም። የእሱ ኃይል እጥፍ ቢሆንም ዳገቱም እጥፍ ይሆንበታልና ሁለቱም እዚያው 22 ላይ ይመለሳሉ። አዮኖችን በመካከላቸው አጥፈው በኃይል የሚለዩ 127 ዲግሪ የታጠፉ ሳህኖች ብትሠራም ያው ነው፤ እነሱም የሚለኩት ኃይልን ለቻርጅ አካፍለው ነው። ማግኔት ያስፈልግሃል።