ጳጉሜን የማያውቅ ዳታቤዝ፦ እባካችሁ አንድ በሉኝ

ሰላም ወገኖች። ደብረ ማርቆስ የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ፕሮጀክቴ ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የማዳበሪያ ሥርጭትና የእህል ግዢ መመዝገቢያ ነው። በፒኤችፒ (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) እና በማይኤስኪውኤል (ዳታቤዙ) ነው የምሠራው። ዲዛይኑ አልቋል። የያዘኝ ቀን ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ የሚመዘግቡት በእኛው አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን 2017-02-30 ብዬ ሳስገባ ዳታቤዙ እምቢ ይላል። ለእሱ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነዋ! 13ኛ ወር የሚባል ነገርማ ጭራሽ አያውቅም። እንደ ጽሑፍ ሳስቀምጠው ደግሞ ይቀበላል፤ ግን በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ርቀት አያሰላልኝም።

አማካሪዬ «በፈረንጅ አድርገውና ተገላገል» ይላሉ። ለእሳቸው ቀላል ነው። ጸሐፊው የሚፈልጉት በጥቅምት ስንት ኩንታል በቆሎ እንደገባ ነው፤ ኦክቶበርን ምን ያደርጉታል?

ስለዚህ ውስጡን በፈረንጅ አስቀምጬ፣ ስክሪኑና ሪፖርቱ ላይ ልቀይረው አሰብኩ። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ግን 12 ላይ፣ እንደ 2016ቱ። ኢንትል የሚባለው የፒኤችፒ ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ክፍል) ይህን መቀየር ይችላል።

የቸገረኝ ግዢውን በእኛ ወር በወር እየለዩ መደመሩ ነው። በእያንዳንዱ ሪፖርት ልቀይር ወይስ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን የያዘ የቀን ሠንጠረዥ አንዴ ልሙላ? እኔ ስመረቅ ሲስተሙ የሚቀረው በጸሐፊው እጅ ነው፤ ኮምፒውተሩም ኢንተርኔት የለውም። የሞከራችሁት ካላችሁ የሠንጠረዡን አሠራር ብታሳዩኝ ውለታችሁን አልረሳም።