«ሞጁል» የሚለውን ቃል ፍርድ ቤቱ እንዴት ይተረጉመዋል? እስከ እኩለ ሌሊት መልስ ያስፈልገኛል

ባለጉዳዩ፦ በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤት ባለን የፓተንት ክርክር የቃላት ትርጉም ሐሳባችንን ዛሬ ሌሊት እናስገባለን። አከራካሪው በይገባኛል አንቀጽ 1 (የፓተንቱን የመብት ወሰን ከሚያስቀምጡት አንቀጾች በአንዱ) ያለው «መረጃ የሚለይ ሞጁል» የሚለው ሐረግ ነው። የመዝገበ ቃላት ትርጉም እናያይዝ ብለው ጠበቃችን እምቢ አሉ። ጁሪው ቃሉን በተለመደው ትርጉሙ ቢረዳው ምን ችግር አለው?

መዝገብ አገላባጭ፦ ጁሪው አይተረጉመውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1996 በማርክማንና ዌስትቪው ጉዳይ ሥራው የዳኛው መሆኑን ወስኗል። በ2015 ደግሞ በቴቫና ሳንዶዝ ጉዳይ፣ ዳኛው ከባለሙያ ምስክርነትና ከመሰል የውጭ ማስረጃ ተነሥቶ የደረሰበትን የፍሬ ነገር ድምዳሜ ይግባኝ ሰሚው ግልጽ ስህተት ካላገኘበት በቀር እንደማይነካው፣ ከፓተንቱ ሰነድ ብቻ የተነሣውን ትርጉም ግን እንደ አዲስ እንደሚመረምረው ተወስኗል። ከማርክማን በፊት የነበረውንም ባስረዳ ደስ ባለኝ።

ፈጣን እጅ፦ መዝገበ ቃላት ያያይዙ። እኔም አንድ ጊዜ አያይዤ ነበር።

ታዛቢ፦ ማሸነፍዎን ሳይነግሩን ማለፍዎ አሳሰበኝ።

አንቀጽ ቆጣሪ፦ ጠበቃዎ ልክ ናቸው። የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2005 በፊሊፕስ ጉዳይ በሙሉ ችሎት እንደወሰነው፣ ቃሉ የሚተረጎመው የሙያው ሰው ሙሉ ሰነዱን አንብቦ በሚረዳው መንገድ ነው፤ መዝገበ ቃላት ባይከለከልም ከአንቀጾቹ፣ ፈጠራውን ከሚያብራራው የሰነዱ ክፍል ማለትም ከመግለጫውና ከፓተንት መሥሪያ ቤቱ ጋር ከተደረገው ምልልስ በኋላ ይመጣል። በዚያ ጉዳይ አንቀጹ «የብረት ባፍል» (ባፍል በግድግዳ ውስጥ የሚገባ መግቻ ሳህን ነው) ማለቱ፣ «ባፍል» ሲባል የግድ ብረት ማለት እንዳልሆነ ለችሎቱ ጠቁሞታል። በእርስዎ ሰነድ «በሶፍትዌር የተሠራ ሞጁል» የሚል ሌላ አንቀጽ ካለ፣ የአንቀጽ 1 ሞጁል ከሶፍትዌር ይሰፋል ብሎ መከራከር ይቻላል።

ባለጉዳዩ፦ አንቀጽ 4 ልክ እንዲያ ይላል! እንግዲያው አሸነፍን?

ተከራካሪ፦ ጥያቄው ከመነሻው ተሳስቷል። በ2015 በዊሊያምሰንና ሲትሪክስ ጉዳይ «ሞጁል» መዋቅርን የማያመለክት ባዶ ቃል ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ሲሆን በአሜሪካ የፓተንት ሕግ ክፍል 112 መሠረት የአንቀጹ ወሰን በመግለጫው ለዚያ ተግባር በተጻፈው ስልተ ቀመር (ሥራው ደረጃ በደረጃ የሚከናወንበት መንገድ) እና በአቻዎቹ ይወሰናል፤ ስልተ ቀመር ካልተጻፈ አንቀጹ በግልጽነት ጉድለት ዋጋ ያጣል። ለተከሳሽ ወርቅ ነው። እርስዎ በየትኛው ወገን ነዎት?

ፈጣን እጅ፦ አሁንም መዝገበ ቃላት እላለሁ።

ባለጉዳዩ፦ ከሳሽ ነን። በመግለጫው ያገኘሁት «ሞጁሉ መረጃውን ይለያል» የሚል አንድ መስመርና በሥዕል 3 ላይ ያለ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው።

ተከራካሪ፦ ጠበቃዎን አሁኑኑ ይቀስቅሷቸው። ቃሉ ለሙያው ሰው የታወቀ መዋቅር መሆኑን የሚያስረዳ የባለሙያ ቃለ መሐላ ያዘጋጁ፤ ሞጁሉ በክፍል 112 ሥር ከወደቀ በኋላ ግን የጎደለውን ስልተ ቀመር ባለሙያ ሊሞላው አይችልም።