መስኮቱ ይቀየር ወይስ አቲኩ ይቅደም? በ1950ዎቹ የተሠራ የጡብ ቤት፣ ሜሪላንድ

ጥያቄ፦ የቤት እድሳት ኮንትራክተር

ጤና ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በ1950ዎቹ የተሠራ ባለ ሁለት ደርብ የጡብ ቤት ለማደስ ከደንበኞቼ ጋር እየተነጋገርኩ ነው። በላይኛው ደርብ ያሉት መኝታ ክፍሎች በብርዱ ወራት አይሞቁም፤ በሐምሌ ደግሞ ያፍናሉ። ባልና ሚስቱ 15ቱንም መስኮቶች ለማስቀየር ቆርጠዋል። መስኮቶቹ ነጠላ መስታወት ቢሆኑም በውጭ በኩል ስቶርም ዊንዶው (ተጨማሪ መከላከያ መስኮት) ተደርቦባቸዋል። አቲኩ (በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ያለው ክፍት ቦታ) 800 ካሬ ጫማ ሲሆን፣ ለሙቀት መከላከያ የተነጠፈበት ስስ የቆየ ፋይበርግላስ ብቻ ነው። ቤቱን በብሎወር ዶር (በር ላይ ተገጥሞ የአየር ፍሳሽን በሚለካ ማራገቢያ) ስናስለካው በ50 ፓስካል ግፊት በደቂቃ 2,600 ኩቢክ ጫማ አየር ያስገባል። ያላቸው ገንዘብ ለሁሉም ሥራ አይበቃም። እውነቱን ለመናገር ለእኔ የሚያዋጣኝ የመስኮቱ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ጥር ደውለው «አሁንም ይበርደናል» ቢሉኝ የምመልሰው የለኝም። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ?

መልስ፦ የቤት ኢነርጂ መርማሪ

መጠየቅዎ መልካም ነው። መስኮት ሁልጊዜ ጥፋተኛ የሚመስለው ሰው እጁን አስጠግቶ ቅዝቃዜውን ስለሚዳስሰው ነው፤ ከራሱ በላይ ያለውን አቲክ ግን ማንም አይዳስስም። እስቲ ግምታዊ ስሌት እንሥራ። እያንዳንዱን መስኮት 12 ካሬ ጫማ ብንለው፣ 15ቱ 180 ካሬ ጫማ ይሆናሉ። ስቶርም የተደረበበት ነጠላ መስታወት ሙቀት የማሳለፍ መጠኑ 0.5 ገደማ፣ ጥሩ አዲስ መስኮት ደግሞ 0.3 ገደማ ስለሆነ፣ የሚድነው በአንድ ዲግሪ ፋራናይት ልዩነት በሰዓት 36 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) ነው። የአቲኩን ኢንሱሌሽን (የሙቀት መከላከያ ንጣፍ) ከአር-11 ወደ አር-49 ቢያሳድጉት (ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሙቀት ይበልጥ ይያዛል) ግን 56 ገደማ ይድናል፤ ወጪውም ከ15 መስኮቶች ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው። የለካችሁት የአየር ፍሳሽ ለብቻው ወደ 140 ቢቲዩ ስለሚወስድ፣ ሢሶውን ብቻ እንኳ ቢደፍኑ ከመስኮቶቹ ሁሉ ይበልጣል። ስቶርም ባይኖራቸው ኖሮ ስሌቱ ወደ መስኮቶቹ ያደላ ነበር።

ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥ፤ መጀመሪያ መድፈን፣ ከዚያ በኋላ ኢንሱሌሽን መጨመር ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ወጥቶ በአቲኩ በኩል ሲያመልጥ፣ በምትኩ ቀዝቃዛ አየር ከቤዝመንቱ (ከምድር ቤቱ) ይሳባል። ፋይበርግላስ ደግሞ አቧራውን ያጣራል እንጂ አየር አያግድም። አሮጌውን ፋይበርግላስ ገለጥ አድርገው የጠቆረበትን ቦታ ይፈልጉ፤ አየሩ የሚያልፈው በዚያ ነው። ብዙውን ጊዜ ቦታው የውስጥ ግድግዳዎች አናት፣ የቧንቧና የሽቦ ማሳለፊያው፣ እንዲሁም የአቲኩ መውጫ ክዳን ነው። እነዚህን በስፕሬይ ፎም ይድፈኗቸው፤ በጭስ ማውጫው ዙሪያ ግን ፎም ፈጽሞ አይረጭም፤ እዚያ የሚገባው ቆርቆሮና እሳት የሚቋቋም ማሸጊያ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ እርጥበቱን አቲክ ውስጥ የሚለቅ ከሆነም ቧንቧውን በጣሪያው በኩል ወደ ውጭ ያውጡት፤ አለበለዚያ እንጨቱ ይሻግታል።

ከፋይበርግላሱ ሥር እንደ ጠጠር ያለ የሚያብለጨልጭ ቨርሚኩላይት (የቆየ የኢንሱሌሽን ዓይነት) ከተገኘ ሳይነኩት ያስመርምሩ፤ ለሳንባ ጎጂ የሆነው አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል።

መልስ፦ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ቴክኒሻን

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ተዘሏል። ቤዝመንቱ ውስጥ ጭሱ በራሱ ኃይል ወደ ላይ የሚወጣ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ካለ፣ የቤቱ ክፍተቶች ሲደፈኑ የልብስ ማድረቂያውና የኩሽናው ማራገቢያ የሚስቡት አየር በጭስ ማውጫው በኩል ተመልሶ ሊገባና ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከመድፈናችሁ በፊትም በኋላም ሁሉንም ማራገቢያዎች አብርታችሁ፣ በሮችን ዘግታችሁ፣ ጭሱ በትክክል መውጣቱን ፈትሹ። ፈተናውን ካላለፈ ጭሱን በማራገቢያ በሚገፋ ወይም በሂት ፓምፕ (ከአየር ሙቀት ስቦ በሚጠቀም የኤሌክትሪክ መሣሪያ) በሚሠራ ማሞቂያ ይተካ። ይህን ሳያረጋግጥ የሰው ቤት የሚያሽግ ባለሙያ ለእኔ ባለሙያ አይደለም።

መልስ፦ የመስኮት ገጣሚ

እንጀራዬ መስኮት ቢሆንም አቲኩ ይቅደም እላለሁ። በኋላ መስኮት ከነካችሁ ግን፣ ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ስለሆነ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ሊድ (መርዛማው የእርሳስ ብረት) ያለበትን ቀለም የሚመለከተው ደንብ ይመለከታችኋል። ከ2010 ጀምሮ ድርጅታችሁ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ መስኮት መቀየር ደግሞ ስፋቱ ምንም ያህል ቢያንስ ከደንቡ ነፃ አይደለም።

ደንበኞችዎ በፌዴራል የታክስ ክሬዲት (ከግብር ላይ በሚቀነስ ገንዘብ) ተማምነው እንደሆነም ይንገሯቸው። 30 በመቶ የሚመልሰው፣ ለመስኮት እስከ 600 ዶላር የሚፈቅደው ክሬዲት፣ በሐምሌ 2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከታኅሣሥ 31 ቀን 2025 በኋላ ለተገጠመ ሥራ አይሰጥም። ኤምፓወር በተባለው የሜሪላንድ የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም የመብራት ኩባንያዎች የሚሰጡት ተመላሽ ገንዘብ ግን የተለየ ጉዳይ ስለሆነ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ኩባንያቸውን ጠይቁ።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ቤዝመንቱን ሄጄ አየሁት፤ የውሃ ማሞቂያው የተባለው ዓይነት ነው፣ ከጭስ ማውጫው መጋጠሚያ አጠገብም የዝገት ምልክት አለ። ስለዚህ የዋጋ ዝርዝሩን እንደገና ጽፌ፣ የማሞቂያውን ፍተሻ አንደኛ፣ አቲኩን ሁለተኛ አድርጌአለሁ። ከመስኮቶቹ እንጨታቸው የበሰበሰውን ሁለቱን ብቻ አስገብቻለሁ። አቲኩ ከተደፈነ በኋላ የብሎወር ዶሩን ውጤት እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።